ከመንግሥት የሕግ ሥራ ወደ ግል የሳይበር ደህንነት የሕግ አገልግሎት፡- የሚሄደው ዕውቀትና የሚቀረው አደራ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለተወሰኑ ዓመታት ያገለገሉ የሕግ ባለሙያዎች ወደ ግል ጥብቅና ወይም ወደ ኩባንያ የሕግ አማካሪነት መሸጋገራቸው አዲስ ነገር አይደለም። ሥራውን በዐቃቤ ሕግነት ጀምሮ ጠበቃ የሆነ፣ በዳኝነት ቆይቶ የባንክ የሕግ አማካሪ የሆነ ባለሙያ በየትኛውም አገር ይገኛል። በአሁኑ ወቅት አዲስ የሆነው ባለሙያዎቹ የሚሸጋገሩበት መስክ ነው። የኮምፒውተር ወንጀልን፣ የግል ዳታ ጥበቃንና የኤሌክትሮኒክ ግብይትን የሚመለከቱ ሕጎች በተከታታይ በመውጣታቸው የሳይበር ደህንነት የሕግ አገልግሎት ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ መጥቷል።

ይህን ሙያ አስቀድመው የተማሩት በአብዛኛው መንግሥት ያሠማራቸው ባለሙያዎች ናቸው። የኮምፒውተር ወንጀል መዝገብ የመረመሩት፣ የሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት፣ ከቴክኒክ ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው ማስረጃ የመዘኑት እነርሱ ናቸው። ስለሆነም ሽግግሩ ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሳል። የመጀመሪያው መንግሥት ያፈራውን ዕውቀት ሲያጣ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ ከባዱ ደግሞ ባለሙያው ሲሄድ ይዞት ሊሄድ የሚገባውና ትቶት ሊሄድ የሚገባው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ሙያው እንዴት ተፈጠረ?

በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል በግልጽ የተደነገገው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነበር። ሕጉ ለጉዳዩ የሰጠው ቦታ ከአንቀጽ 706 እስከ 711 ያሉትን ጥቂት ድንጋጌዎች ብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እነዚህን ድንጋጌዎች ተክቶ ሕገ ወጥ ደራሽነትን፣ ጠለፋን፣ በኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ጣልቃ መግባትንና በዳታ ላይ ጉዳት ማድረስን በዝርዝር ደነገገ። አዋጁ በወንጀልና ቅጣት ዝርዝር ብቻ አልተወሰነም። አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ለአንድ ዓመት ይዘው እንዲያቆዩ አስገድዷል፤ ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቁ የማሳወቅ ግዴታም ጥሎባቸዋል። ምርመራውን ዐቃቤ ሕግና ፖሊስ በጋራ እንዲያከናውኑ፣ ሂደቱንም ዐቃቤ ሕግ እንዲመራ አድርጓል። በ1999 ዓ.ም የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት መሥሪያ ቤት ደግሞ ሲጠየቅ የቴክኒክ ድጋፍ እንዲሰጥ ተደንግጓል።

ከዚያ በኋላ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በተከታታይ ወጥተዋል። የመጨረሻው አዋጅ የግል ዳታ ላይ ጥሰት ሲደርስ ዳታውን የያዘው ተቋም በ72 ሰዓታት ውስጥ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሲሆን፣ የቁጥጥሩን ሥልጣን የሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

በተመሳሳይ ጊዜ ሕጎቹ የሚገዙት ሥራ በእጅጉ ሰፍቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ አስጀመረ፤ የኤም ፔሳ አገልግሎቱም በዚያው ዓመት ማብቂያ ተከተለ። ገንዘብ፣ መታወቂያና የግል መረጃ ወደ ኮምፒውተር በገቡ ቁጥር ለእያንዳንዱ ተቋም ግዴታውን የሚነግረው የሕግ ባለሙያ አስፈላጊ ሆነ። የሕግ ድርጅት ማቋቋምን የፈቀደው የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249/2013 በበኩሉ ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው በልዩ መስክ እንዲሠሩ በር ከፍቷል። ቀደም ሲል ጥብቅና በግለሰብ ደረጃ ብቻ የሚከናወን በመሆኑ እንዲህ ያለውን የብዙ ባለሙያዎችን ትብብር የሚጠይቅ ሥራ መሸከም አዳጋች ነበር።

በሌሎች አገሮችም ሂደቱ ተመሳሳይ ነው። በአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ወንጀል ክፍል ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1991 ነበር። የግሉ ዘርፍ የሕግ ሥራ የተስፋፋው ግን የካሊፎርኒያ ግዛት የዳታ ጥሰት ለደረሰባቸው ሰዎች እንዲነገር የሚያስገድደው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሃምሳዎቹም ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ ነበራቸው። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ደንብ የ72 ሰዓት ግዴታውን ተግባራዊ አደረገ። የማሳወቅ ግዴታ ባለበት ሁሉ ምን፣ መቼ፣ ለማን ይነገር የሚለውን የሚወስን የሕግ ባለሙያ ያስፈልጋል። ሙያውን የወለደው ይኸው ግዴታ ነው።

የወንበሩ መለወጥ

ከመንግሥት የሚሸጋገር የሕግ ባለሙያ ያካበተው ልምድ በአዲሱ ሥራ በቀጥታ ይጠቅመዋል። የኮምፒውተር ወንጀል ምርመራን የመራ ዐቃቤ ሕግ የመግቢያ መዝገቦች ካልተጠበቁ ጉዳዩ እንደሚወድቅ፣ ዳታ የነካው ሰው ማንነት በሰነድ ካልተያዘ ማስረጃው ተቀባይነት እንደሚያጣ ከሥራው ያውቃል። የቴክኒክ ባለሙያ የጻፈውን ዘገባ ዳኛ በሚረዳው ቋንቋ ማቅረብንም ተምሯል። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች አስቀድሞ መገመት መቻሉም ለግል ድርጅት ትልቅ ዋጋ አለው።

ሆኖም የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል። ዐቃቤ ሕግ ወንጀል ተፈጽሟል ወይ፣ ማን ፈጸመው፣ እንዴት ይረጋገጣል ብሎ ይነሳል። የግል ድርጅት የሕግ አማካሪ ግን ደንበኛው የትኞቹ ግዴታዎች አሉበት፣ ሰዓቱ መቼ መቁጠር ጀመረ፣ ከደንበኞችና ከአቅራቢዎች ጋር የተፈረመው ውል ምን ይላል፣ ጉዳቱስ እንዴት ይቀንሳል ብሎ መጀመር አለበት። ከሥራው ሰፊው ክፍል የሚከናወነውም ጥቃት ከመድረሱ በፊት ነው። ውል ማርቀቅ፣ የዳታ አያያዝ መመሪያ ማዘጋጀት፣ ችግር ሲፈጠር ማን ለማን እንደሚደውል አስቀድሞ መወሰን የዕለት ተዕለት ተግባር ነው።

ምስጢር አጠባበቅም ሌላ መልክ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካው ካፒታል ዋን ባንክ ላይ በደረሰው ጥሰት በአሜሪካ 100 ሚሊዮን፣ በካናዳ ደግሞ 6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተጋልጧል። ባንኩ የምርመራ ዘገባው በጠበቆች በኩል የተዘጋጀ በመሆኑ በጠበቃ የሥራ ምስጢርነት ይጠበቅልኝ ሲል ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 የቨርጂኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ክርክሩን ውድቅ በማድረግ ዘገባው ለከሳሾች እንዲሰጥ አዘዘ። መርማሪው ድርጅት ከጥሰቱ በፊት ተመሳሳይ አገልግሎት ለመስጠት ከባንኩ ጋር ውል ነበረው፤ ዘገባውም ለሃምሳ ያህል ሠራተኞች፣ ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችና ለሂሳብ መርማሪ ተሰራጭቶ ነበር። ከዚህ መረዳት የሚቻለው የጠበቃ ስም በሰነድ ላይ መኖሩ ብቻ ምስጢርን እንደማይጠብቅ ነው።

በአገር ውስጥም ቢሆን ትምህርት የሚወሰድበት ክስተት አለ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ባጋጠመ ችግር ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣታቸው ይታወሳል። ባንኩ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን፣ ክስተቱም የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታውቋል። ጥቃት አለመሆኑ ግን የሕግ ጥያቄዎቹን አላስቀረም። የእርሱ አለመሆኑን እያወቀ ገንዘብ ያወጣ ሰው በወንጀል ይጠየቃል ወይስ ያለአግባብ የበለጸገውን በፍትሐ ብሔር ይመልሳል? በፈቃዱ የመለሰውና ያልመለሰው እንዴት ይለያሉ? ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ሲገለጽ ከግል መረጃ ጥበቃ ጋር እንዴት ይታያል? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁን ያጸደቀው በዚያው ሰሞን መሆኑ ሲታሰብ ጥያቄዎቹ የንድፈ ሐሳብ ብቻ እንዳልነበሩ ግልጽ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች በአንድ ሌሊት ሲመጡ የወንጀል ሕግን፣ የባንክ አሠራርንና የዳታ ጥበቃን አጣምሮ የሚያውቅ ባለሙያ ያለው ተቋም ይረጋጋል፤ የሌለው ይደናገጣል።

ከአንድ የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ሽግግሩ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ በይበልጥ የሚያሳየው የአሜሪካዊው ሚስተር ጆ ሱሊቫን ጉዳይ ነው። ግለሰቡ በካሊፎርኒያ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሆነው የኮምፒውተር ወንጀሎችን ሲከሱ ቆይተው ወደ ግሉ ዘርፍ ተሸጋገሩ። በኢቤይና በፌስቡክ ከሠሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 የኡበር ኩባንያ የደህንነት ኃላፊ ሆኑ። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በወቅቱ ኡበር እ.ኤ.አ. በ2014 የደረሰበትን የዳታ ጥሰት እየመረመረ ስለነበር ሚስተር ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 በቃለ መሐላ ቃላቸውን ሰጡ።

ይህ ከሆነ ከአሥር ቀናት በኋላ ሰርጎ ገቦች ሌላ ጥሰት መፈጸማቸውን ለእርሳቸው አሳወቁ። የ57 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች መረጃና የ600 ሺህ ያህል አሽከርካሪዎች የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ተወስዶ ነበር። ኩባንያው ለሰርጎ ገቦቹ 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በቢትኮይን ከፈለ። ክፍያው የደህንነት ክፍተት ለሚጠቁሙ ተመራማሪዎች የሚሰጥ ሽልማት ተደርጎ ተመዘገበ፤ ምንም ዳታ አልተወሰደም የሚል ቃል ያለበት የምስጢር ስምምነትም ተፈረመ። ምርመራ እያካሄደ ለነበረው ኮሚሽን ግን አልተነገረም። ጉዳዩ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 በአዲሱ የኩባንያው አመራር ነው። ኡበር በሚቀጥለው ዓመት ለግዛቶቹ 148 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ሚስተር ሱሊቫን የኮሚሽኑን ሥራ በማደናቀፍና የተፈጸመ ከባድ ወንጀልን በመደበቅ ጥፋተኛ ተባሉ። ዐቃቤ ሕግ የ15 ወራት እስራት ቢጠይቅም ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2023 ወደ እስር ቤት ሳይገቡ ለሦስት ዓመታት በቁጥጥር ሥር እንዲቆዩ ወሰነ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2025 የጥፋተኝነት ውሳኔውን አጽንቷል።

በዚህ ጉዳይ ልብ ሊባል የሚገባው ግለሰቡ የተከሰሱት ጥሰቱ በመድረሱ አለመሆኑ ነው። የተከሰሱት የደረሰውን በመደበቃቸው ነው። ሕጉን አያውቁም ነበር ሊባልም አይችልም፤ ራሳቸው በዚሁ መስክ ሌሎችን ሲከሱ የኖሩ ናቸው። ዕውቀት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የአሠሪን ስም ለመጠበቅ ያለው ግፊት ለሕግ ከመታዘዝ ግዴታ ጋር ሲጋጭ የባለሙያው ሥነ ምግባር የሚፈተነው በዚያን ሰዓት ነው። ከመንግሥት ወጥቶ በግል ድርጅት ውስጥ የተቀመጠ ባለሙያ ለደንበኛው ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ አገልግሎት መጥፎውን ዜና በጊዜውና በትክክሉ እንዲናገር መምከር መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

የሚቀረው አደራ

ባለሙያው በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለ ያካበተው የሙያ ችሎታ የራሱ ነው፤ ወዴትም ይዞት ይሄዳል። በእጁ ያለፈው የምርመራ መዝገብ፣ የተቋማት የደህንነት ክፍተት፣ የመርማሪዎች አሠራርና የጥቆማ ምንጭ ግን የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ነው። የወንጀል ሕጉ የሥራ ምስጢርን ማውጣት የሚቀጣ ድንጋጌ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። በሳይበር መስክ ይህ ልዩነት ይበልጥ ይጠብቃል፤ ምክንያቱም አንድ የተዘነጋ ክፍተት መታወቁ ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን መረጃ አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ የሚባለው በዚህ ቦታ ትርጉም ያገኛል።

የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ይህን አደራ በሦስት ደረጃ ከፍሎ አስቀምጦታል። አንድ የቀድሞ ሠራተኛ በግሉ በጉልህ በተሳተፈበት የተወሰነ ጉዳይ ሌላውን ወገን ወክሎ መንግሥት ዘንድ መቅረብ ለዘለቄታው ተከልክሏል። በመጨረሻው የአገልግሎት ዓመቱ በኃላፊነቱ ሥር በነበረ ጉዳይ ላይ ደግሞ ለሁለት ዓመታት አይቀርብም። ከፍተኛ ኃላፊ የነበረ ከሆነ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን ውሳኔ ለመለወጥ ለአንድ ዓመት ሌላውን ወገን ወክሎ መቅረብ አይችልም። ሕጉ ሙያውን አይከለክልም፤ የሚከለክለው አንድ ሰው በአንድ ጉዳይ በሁለቱም ወገን እንዳይቆም ነው። ለዚህ ክልከላ ደግሞ ትክክለኛ መዝገብ ያስፈልጋል። ማን በየትኛው ጉዳይ ላይ እንደሠራ ካልታወቀ ማን ከየትኛው ጉዳይ መራቅ እንዳለበት ማወቅ አይቻልም።

ከዚህ አኳያ በኢትዮጵያ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ወጪ ሳይጠይቃቸው ሊያከናውኗቸው የሚችሏቸው ተግባራት አሉ። ሠራተኛው ሲለቅ የያዛቸውን ጉዳዮች በዝርዝር ማስረከቡ፣ ወደ ሲስተም የሚያስገባው የይለፍ ቃልና ፈቃድ በዕለቱ መዘጋቱ፣ በግል ስልክና ኢሜይል የቀረ ሰነድ አለመኖሩ፣ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታው በጽሑፍ እንዲታወሰው መደረጉ ቀላል ይመስላል። በተግባር ሲታይ ግን መልቀቂያ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ የንብረት ክፍል ኮምፒውተሩንና ወንበሩን መረከቡ ሲረጋገጥ ነው። በሠራተኛው እጅ ስለቀረው መረጃ የሚጠይቅ ካልተገኘ የተመለሰው ዕቃ ብቻ ነው።

ኪሳራ ወይስ ትርፍ?

ልምድ ያለው ዐቃቤ ሕግ ሲለቅ መንግሥት እንደሚጎዳ መካድ አይቻልም። ተተኪው እስኪበቃ መዝገብ ይዘገያል፤ ያልተጻፈ ልምድም አብሮ ይሄዳል። የመንግሥት ደመወዝ ባንኮችና የቴሌኮም ኩባንያዎች ከሚከፍሉት ጋር ሊወዳደር እንደማይችልም የታወቀ ነው። የውጭ ባንኮች በአገሪቱ እንዲሠሩ የሚፈቅደው ሕግ በ2017 ዓ.ም መጽደቁ ደግሞ ፍላጎቱን ሊያሳድገው ይችላል። ሠራተኛን በክልከላ ማቆየት ግን ቂምን እንጂ አገልግሎትን አያተርፍም።

በአንጻሩ ሽግግሩ ለመንግሥትም የሚሰጠው ጥቅም አለ። ጥቃት የደረሰበት ድርጅት ጉዳዩን የሚያውቅ የሕግ አማካሪ ከሌለው ማስረጃውን ሳያስቀር ኮምፒውተሮቹን አጽድቶ እንደገና ይጭናል፤ ለፖሊስ የሚያመለክተውም ዱካው ከጠፋ በኋላ ነው። የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ ያለበት ድርጅት ግን መዝገቦቹን ጠብቆ፣ የሰዓቱን ቅደም ተከተል ጽፎ፣ በሕጉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ይቀርባል። መርማሪው የሚረከበው የተደራጀ መዝገብ ይሆናል። መረጃው የተወሰደበት ዜጋም ቀድሞ ሰምቶ ራሱን ለመጠበቅ ይችላል። ሕጉ የወጣውም በመጨረሻ ለዚህ ዜጋ ሲባል ነው።

መንግሥት በበኩሉ ሊያተኩርበት የሚገባው የሚሄዱትን ከመቁጠር ይልቅ ዕውቀቱ በተቋም እንዲቀር ማድረግ ነው። አንድ ትልቅ የኮምፒውተር ወንጀል መዝገብ ሲዘጋ ምርመራው እንዴት እንደተካሄደ፣ የትኛው ማስረጃ ተቀባይነት እንዳገኘና የትኛው እንደወደቀ በጽሑፍ ከቀረ ለተተኪው መምህር ይሆነዋል። ከባድ መዝገብ ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሁለት ባለሙያዎች መመደብም ዕውቀቱ ከአንድ ሰው ጋር እንዳይወጣ ይረዳል።

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው ነጥብ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ የግል ድርጅቶች ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ነው። የግብር ከፋዮችን፣ የታካሚዎችን፣ የተማሪዎችንና የባለይዞታዎችን መረጃ በብዛት የያዙት የመንግሥት ተቋማት ናቸው። በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኙ የሕግ አገልግሎት ክፍሎች እስከ ዛሬ በአብዛኛው የተጠመዱት በግዢ ውል፣ በዲሲፕሊንና በፍርድ ቤት ክርክር ነው። መሥሪያ ቤታቸው የማንን መረጃ እንደያዘ፣ የት እንዳስቀመጠውና ጥሰት ቢደርስ 72ቱ ሰዓታት ውስጥ ማን ምን እንደሚያደርግ ዛሬ ቢጠየቁ ምን ያህሉ ይመልሳሉ የሚለው በየተቋሙ ሊታይ የሚገባው ጉዳይ ነው። ይህን ሥራ አሁን የጀመረ የሕግ ባለሙያ በመሥሪያ ቤቱ ቢቆይ አስፈላጊነቱ ይጨምራል፤ ቢሸጋገርም በቂ ዝግጅት ይዞ ይሄዳል።

ሽግግሩን የሚያስቡ ባለሙያዎችም ቢሆኑ ሊያጤኑት የሚገባ አለ። የሥራ ጥያቄ ያቀረበላቸው ድርጅት እየመረመሩት ያለ ወይም በቅርቡ የመረመሩት ከሆነ ድርድሩን ከመጀመራቸው በፊት ለኃላፊያቸው ማሳወቅና ከጉዳዩ መራቅ ይጠበቅባቸዋል። የኮምፒውተር መረብና የዳታ አሠራርን መሠረታዊ ዕውቀት መያዝም ግድ ነው፤ የቴክኒክ ባለሙያውን ጥያቄ መጠየቅ የማይችል ጠበቃ የሌላውን ዘገባ ከመፈረም አያልፍም። በአዲሱ ሥራ ላይ ደግሞ የደንበኛን ምስጢር መጠበቅና ሕጉ እንዲገለጽ ያዘዘውን መደበቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስቀድመው ከአሠሪያቸው ጋር በግልጽ ሊነጋገሩበት ይገባል።

በአጠቃላይ ከመንግሥት የሕግ ሥራ ወደ ግል የሳይበር ደህንነት የሕግ አገልግሎት የሚደረገው ሽግግር ሕጎቹ እየሰፉ፣ አገልግሎቶቹም እየበዙ በሄዱ ቁጥር የሚቀጥል ነው። ሽግግሩ ጉዳት ወይም ጥቅም የሚሆነው መሥሪያ ቤቱ ባለሙያውን በሚሸኝበት ሥርዓትና ባለሙያው በሚሸከመው ኃላፊነት ነው። ርክክቡ የተሟላ፣ ምስጢሩ የተጠበቀ፣ ተተኪው የተዘጋጀ ሲሆን መንግሥት አንድ ሠራተኛ ቢያጣም ሕጉን የሚያውቅና የሚያከብር ባለሙያ በሌላው ወገን ያገኛል። ለዚህም ከሠራተኛው የመልቀቂያ ደብዳቤ በፊት የመሥሪያ ቤቱ ዝግጅት ሊቀድም ይገባል።